መሪ ያልጨበጡት፦ የድሮ ስቶክ ካር ባለቤቶችና መካኒኮች

የቻርሎቱ
ሰላም ለቤቱ። እዚህ ስለ ናስካር፣ ስለ አሜሪካው የስቶክ ካር ውድድር ድርጅት ማለቴ ነው፣ ሲነሳ ወሬው ሁሌ ሹፌሮቹ ላይ ያልቃል። ሪቻርድ ፔቲ እንዲህ አደረገ፣ ዴቪድ ፒርሰን እንዲያ ነዳ። እኔም እወዳቸዋለሁ። ግን መኪናዋን ከኪሱ አውጥቶ የገዛው ማን ነው? ሌሊቱን ሞተር ሲገጥም ያደረውስ? ክሪክ ተሸክሞ ገና ያልቆመ መኪና ፊት የሚዘለውስ? ከ1940ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ስለነበሩት ባለቤቶችና መካኒኮች የምታውቁትን ወዲህ በሉ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እኔ በሬይመንድ ፓርክስ ልጀምር። በ1914 ጆርጂያ ውስጥ ዶውሰንቪል ተወለደ። ገና በ14 ዓመቱ ከቤት ወጥቶ አረቄ ንግድ ገባ። ቀረጥ የማይከፈልበት፣ ጫካ ውስጥ በድብቅ የሚወጣ አረቄ። ለዚህም ታስሯል። አትላንታ ላይ ገንዘብ ሲይዝ ነዳጅ ማደያና ሳንቲም የሚበሉ የሙዚቃ ማሽኖች ውስጥ ገባ። ከዛ ዘመዶቹ ሎይድ ሲይ እና ሮይ ሆል መኪና ግዛልንና እንወዳደር ብለው ወጠሩት። ገዛላቸው። ሌላው ሰው ጭቃ የለበሰ ቆርቆሮ ይዞ ሲመጣ፣ የፓርክስ መኪና ለሰርግ የተዘጋጀች ትመስል ነበር። እሱም ሱፉን ለብሶ ባርኔጣውን ደፍቶ ዳር ላይ ይቆማል።

ሎይድ ሲይ በመስከረም 1941 አትላንታ ሌክዉድ ላይ አሸነፈ። በማግስቱ የገዛ ዘመዱ በስኳር ሒሳብ ተጣልቶ ተኩሶ ገደለው። ስኳሩ ለአረቄው ነው። ዶውሰንቪል ያለው የመቃብር ድንጋዩ ላይ ፎርዱ ተቀርጻለች፣ መስኮቷ ላይ የሱ ፎቶ ገብቷል።

ፓርክስ ራሱ ዘመተ። አውሮፓ ተዋግቶ ሲመለስ ቡድኑን እንደገና አቋቋመ። በ1948 የናስካር የመጀመሪያው ሻምፒዮን፣ በ1949 ደግሞ ዛሬ ካፕ የምንለው ዋናው የናስካር ምድብ የመጀመሪያው ሻምፒዮን፣ ሁለቱንም ሬድ ባይረን በፓርክስ መኪና ነው ያሸነፈው። ብዙም ሳይቆይ ፓርክስ ይሄ ነገር ብር ይበላል እንጂ አያመጣም ብሎ ተወው። በ2010 በ96 ዓመቱ ሞተ። የናስካር የዝና አዳራሽ ያስገባው በ2017 ነው። ቆሞ ሲሄድ ሰባት ዓመት ቀደም ቢሉስ ምን ነበረበት?

ዳዶ ፈቺ
ጥሩ አነሳህ ልጄ። እኔ አትላንታ ጋራዥ ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ፓርክስን ካነሳህ ሬድ ቮግትን መዝለል አይቻልም። የፓርክስ መካኒክ እሱ ነው። ስፕሪንግ ስትሪት ላይ 24 ሰዓት የማይዘጋ ጋራዥ ነበረው። አረቄ የሚያመላልሱት እሱ ጋ ያሠራሉ፣ የሚያሳድዷቸው ፖሊሶችም እሱ ጋ ያሠራሉ ይባላል። ማን እንደሚቀድም እሱ ነበር የሚያውቀው።

ባይረን በጦርነቱ ቢ-24 በሚባል ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ ሲበር አላስካ አካባቢ ግራ እግሩ ክፉኛ ተመታ። ፍሪሲዮን የሚረገጠው በግራ እግር ነው። ቮግት ምን አደረገ? እግሩ ላይ ካለው ብረት ጋር የሚያያዝ ማቀፊያ ሠርቶ ከፍሪሲዮኑ ፔዳል ጋር አገናኘለት። የ1949ኙ ሻምፒዮን እግሩ ከመኪናው ጋር ታስሮ ነው የነዳው። ናስካር የሚለውን ስም ያወጣውም ቮግት ነው። ታኅሣሥ 1947 ዴይቶና ቢች፣ ስትሪምላይን ሆቴል ጣራ ላይ ተሰብስበው ሲጨቃጨቁ ማለት ነው። ድርጅቱ የሱ አልሆነም፣ የውድድር አዘጋጁ የቢል ፍራንስ ሆነ። እንግዲህ መካኒክና ነጋዴ እንዲህ ነው የሚለያዩት።

ፒያሳ ልጅ
አቦ በጣም ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እኔ የማውቀው ፎርሙላ 1 ብቻ ነው። ይሄ ስቶክ ካር የምትሉት ከዛ በምን ይለያል? ደሞ አረቄና የመኪና ውድድርን ምን አገናኛቸው?

ዳዶ ፈቺ
ፎርሙላ 1 ከመጀመሪያው ለውድድር ተብላ የተሠራች መኪና ናት። ስቶክ ካር በዛ ዘመን ማንም ሰው መሸጫ ሄዶ የሚገዛት የቤት መኪና ነበረች። ፎርድ፣ ሀድሰን፣ ኦልድስሞቢል። በሩን በገመድ ወይም በቀበቶ አስረው ይገቡ ነበር፣ እንዳይከፈት።

አረቄውን በአንዲት መኪና ላሳይህ። ሰኔ 19 ቀን 1949 ቻርሎት ላይ ተራ መኪኖች ብቻ የገቡበት የመጀመሪያው ውድድር ተካሄደ። ግሌን ደናዌይ በ1947 ፎርድ አንደኛ ወጣ። ፍተሻ ላይ ከኋላ ባሌስትራው ተነካክቶ ተገኘ። ለምን? መኪናዋ አረቄ ስታመላልስ የኖረች ናት። ኋላዋ ላይ ያን ሁሉ ጋሎን ስትጭን ቂጧ ከወረደ ፖሊስ ገና ከሩቅ ያውቃታል። ስለዚህ ባሌስትራው መሃል ብረት ይከቱበትና ያጠነክሩታል። ተጭናም ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ባዶዋን ደግሞ ኩርባ ላይ አትጋደምም፣ መሬት ቆንጥጣ ትዞራለች። ለአረቄ የሠሩት ለውድድር ጠቀመ ማለት ነው።

ድሉን ነጠቁት። ከካንሳስ በሊንከን መጥቶ የተወዳደረው ጂም ሮፐር ተሸለመ። የፎርዱ ባለቤት ሂዩበርት ዌስትሞርላንድ 10,000 ዶላር ካሳ ብሎ ናስካርን ከሰሰ። ዳኛው መዝገቡን ዘጋው። እኔ እንደሚመስለኝ ናስካር የቆመው የዛን ቀን ፍርድ ቤት ውስጥ ነው። ያቺ ክስ ብትሳካ ኖሮ ደንብ የሚባል ነገር ማንም አያከብርም ነበር።

የቻርሎቱ
ጋሼ እዛው ውድድር ላይ ያለውን ሌላ ጉድ ላክል። የሪቻርድ አባት ሊ ፔቲ የሰው ቢዊክ ተውሶ ነበር የገባው። ቤተሰቡን ይዞ ከመንደሩ ከሌቭል ክሮስ እስከ ቻርሎት የነዳትም እሷኑ ነው። ውድድሩ መሃል ገለበጣት። ወደ ቤት የተመለሱት ሰው ለምነው ተሳፍረው ነው። እንግዲህ የፔቲ ቤት ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የመጀመሪያ ጋራዣቸው ወለሉ አፈር የሆነ የእርሻ መሣሪያ ማስቀመጫ ዳስ ነበር።

ሚሚ ከአሌክሳንድሪያ
ወሬው ጣፍጦኛል፣ ግን አንድ ነገር ቅር አለኝ። አረቄ ነጋዴውን ሁሉ ጀግና አደረጋችሁት። ሎይድ ሲይ 21 ዓመት ልጅ ነበር። በስኳር ሒሳብ ነው የሞተው። ሹፌሩ ጁኒየር ጆንሰንም በ1956 የአባቱ አረቄ ማውጫ ጋ ተይዞ ኦሃዮ 11 ወር ታስሯል። ኋላ ሬገን በ1986 ይቅርታ ሰጡት፣ በባለቤትነትም ስድስት ሻምፒዮና ወሰደ፣ እሺ። የታሰሩትና የሞቱት ሁሉ ግን ይቅርታ የሚፈርምላቸው ፕሬዚዳንት አላገኙም።

ዳዶ ፈቺ
ሚሚዬ እውነትሽን ነው። የዛን አገር ድህነት ግን አብረሽ እይው። ተራራው ላይ በቆሎ ነው ያለው። በቆሎውን ገበያ ቢያወርዱት የትራንስፖርቱን እንኳን አይመልስም። አረቄ ሲሆን ነው ብር የሚሆነው።

ባለ 18 ጎማ
ሰላም። እኔ ትራክ ነጂ ነኝ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ 58 ቁጥር መንገድ ላይ ብዙ እመላለሳለሁ። ስቱዋርት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ ተራራ ሥር። ዉድ ብራዘርስ እዛ ሙዚየም አላቸው። እግር ከጣላችሁ ግቡ።

አምስት ወንድማማች ናቸው፣ ግሌን፣ ሌናርድ፣ ዴላኖ፣ ክሌይ፣ ሬይ ሊ። ግሌን እንጨት መሰንጠቂያ ነበረው። በ1950 ሲጀምሩ ጋራዥ የላቸውም፤ ግቢያቸው ባለ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሰንሰለት አስረው ነበር ሞተር የሚያወጡት። ሌላው ቡድን ጎማ ሲቀይር ቀስ ብሎ፣ እያወራ፣ ውሃ እየጠጣ ነበር። ሌናርድ መንገድ ላይ በፍጥነት የማገኘውን ሰከንድ እዚህ ቆሜ ለምን እሰጣለሁ አለ። ክሪኩን ፈቶ መኪናዋ በጥቂት ግፊት ከመሬት እንድትነሳ አድርጎ ሠራው። ዴላኖ ክሪክ ያዥ ሆነ። ማን የትኛውን ዳዶ እንደሚፈታ፣ ማን በየት በኩል እንደሚዞር ሁሉ ተጠንቶ፣ ተለማምደውት ነው የሚመጡት። ዛሬ ቴሌቪዥን ላይ የምናየው የጎማ ቅያሪ ትርኢት የተጀመረው እዛ ዛፍ ሥር ነው።

በ1965 ፎርድ እነሱን ኢንዲያናፖሊስ 500 ወሰዳቸው። ከስኮትላንዱ ሹፌር ጂም ክላርክ እና ከእንግሊዙ የሎተስ ቡድን ጋር። አይተዋቸው አያውቁም፣ አነጋገራቸውም አይገባም። ነዳጁ የሚወርደው ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ታንክ በራሱ ክብደት ነው። ሌናርድ መስመሩን እንቅፋት እንዳይኖረው አድርጎ አስተካከለው። ክላርክ ሁለቴ ቆመ፣ ሁለቱም ተደምሮ አንድ ደቂቃ አልሞላም። አሸነፈ። የተራራ ልጆች!

የቻርሎቱ
1963ን ረሳኸው እንዴ? እኔ እሱን ነው የምወደው። የናስካር ትልቁ ውድድር ዴይቶና 500 ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው የዉድ ብራዘርስ ሹፌር ማርቪን ፓንች ማዜራቲ ሲሞክር ተገልብጦ ተቃጠለ። ታይኒ ለንድ የሚባል ግዙፍ ሰው ከሌሎች ጋር እሳት ውስጥ ገብቶ ጎትቶ አወጣው። ታይኒ በወቅቱ የሚነዳው መኪና እንኳን አልነበረውም። ፓንች ሆስፒታል ተኝቶ መኪናዬን ለሱ ስጡልኝ አለ። ሰጡት።

አሁን ነገሩ የመካኒኮቹ ነው። ዝናብ ስለነበር ውድድሩ በቀስታ ተጀመረ፣ ነዳጅ ተቆጠበ። ወንድማማቾቹ ሒሳብ ሠሩ፣ ከሌላው አንድ ጊዜ ያነሰ ብንቆምስ? ጎማም ሳይቀየር 500 ማይሉን በጀመረባቸው ጎማዎች ጨረሰው። ሌሎቹ ነዳጅ ሊቀዱ ሲገቡ ታይኒ አለፋቸው። መጨረሻው ዙር ላይ ነዳጁ አለቀ፣ መኪናዋ በራሷ ተንሸራታ ነው መስመሩን ያለፈችው።

ፒያሳ ልጅ
ወይኔ! ይሄ ፊልም ነው እንጂ።

ዳዶ ፈቺ
አሁን ደግሞ ወደ ሌላው መካኒክ። ስሞኪ ዩኒክ። ዴይቶና ላይ ነጭ ቱታ ለብሶ፣ ኮፍያውን አጣሞ፣ ፒፓ ነክሶ። ጋራዡ ላይ በከተማው ካለው ሁሉ የሚበልጥ ጋራዥ ብሎ ጽፎ ሰቅሏል። ትሑት አልነበረም፣ መሆንም አልነበረበትም። በ1951 እና በ1953 ኸርብ ቶማስ በሀድሰን ሆርኔት ሻምፒዮን ሲሆን ከጀርባው እሱ ነበር።

ደንብ ደብተር ላይ ያልተጻፈ ነገር ሁሉ ተፈቅዷል ባይ ነው። የነዳጅ ሰልባትዮ መጠን ተወስኖ ነበር። ከሰልባትዮ ወደ ሞተር ስለሚሄደው ቱቦ ግን ምንም አልተባለም። ስሞኪ ውፍረቱ ሁለት ኢንች፣ ርዝመቱ 11 ጫማ የሆነ ቱቦ ዘረጋ። ቱቦው ብቻውን ወደ ሁለት ጋሎን የሚጠጋ ይይዛል። ሕጉን ጣሰ? ደንቡን አምጡና አሳዩኝ ነው መልሱ።

ሌላም ወሬ አለ። በ1968 ተቆጣጣሪዎች ሰልባትዮውን አውርደው ሲመረምሩት ዘጠኝ ጥፋት ይዘው ይመጡበታል። ስሞኪ አስር በሉት ብሎ፣ ሰልባትዮው መሬት ላይ እንደተቀመጠ፣ መኪናውን አስነስቶ ሄደ ይባላል። ወሬው ከሱ በላይ አድጓል፣ ግን መካኒክ ሁሉ ይወደዋል።

ባለ 18 ጎማ
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ሌብነት ነው። ጎበዝ ሌባም ሌባ ነው። አንዱ ምስኪን መካኒክ በሰልባትዮው ልክ እየቀዳ፣ እሱ ቱቦ ውስጥ ሁለት ጋሎን የሚጠጋ ደብቆ፣ ይሄ ውድድር ነው?

ዳዶ ፈቺ
ደንብ አውጪው ይሻል ነበራ! ለማንኛውም ስሞኪን በቱቦ ብቻ አትመዝነው። ጓደኛውና ሹፌሩ የነበረው ፋየርቦል ሮበርትስ በግንቦት 1964 ቻርሎት ላይ ተቃጥሎ ሐምሌ ላይ ሞተ። ከዛ በኋላ ስሞኪ ስለ ደህንነት ሳያቋርጥ ጮኸ። በአጥሩ ግንብ ፋንታ ግጭትን ዋጥ የሚያደርግ ነገር ይደረግ ብሎ ናስካርን ለመነ። አልሰሙትም። ያን ዓይነት አጥር የገባው እሱ በ2001 ከሞተ በኋላ ነው።

ሚሚ ከአሌክሳንድሪያ
ስለ ሞት ከተነሳ፣ የሹፌር ሞት ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ራንዲ ኦወንስን የሚያውቀው ስንት ሰው ነው? የሪቻርድ ፔቲ ሚስት ወንድም ነው። በግንቦት 1975 ታላዴጋ ላይ የፔቲ ጎማ አካባቢ እሳት ተነሳ። ራንዲ ሊያጠፋ ሮጦ ግፊት ያለበትን የውሃ ታንክ ሲከፍት ፈነዳበት። 20 ዓመቱ ነበር። ፔቲ 200 ውድድር አሸንፏል፣ በ1967 ብቻ 27። ሞተሩን የሚሠራው ወንድሙ ሞሪስ፣ የቡድኑ አለቃ ዘመዱ ዴል ኢንማን። ቁጥሩ ሁሉ የሪቻርድ ተብሎ ተመዘገበ፣ ዋጋውን የከፈለው ግን መላ ቤተሰቡ ነው።

ደሞ ሴቶቹን ማንም አላነሳም። ኮምፒውተር እስኪመጣ ድረስ እያንዳንዱ መኪና የራሱ ቆጣሪ ሰው ነበረው። ብዙ ጊዜ የሹፌሩ ወይም የመካኒኩ ሚስት ናት። መኪናው ባለፈ ቁጥር ሰዓቱን እያየች ካርድ ላይ ትጽፋለች። ፀሐይ ላይ፣ አቧራ ውስጥ፣ ለሰዓታት ዓይኗን ሳትነቅል። አንድ ዙር ካመለጣት ድሉ ገደል ገባ።

ባለ 18 ጎማ
የካርድ ነገር ካነሳሽ ዌንዴል ስኮት ይምጣ። ከስቱዋርት ያንኑ 58 መንገድ ወደ ምሥራቅ ስትነዱ ዳንቪል ትደርሳላችሁ። በስሙ የተሰየመ መንገድ አለ።

ጥቁር አሜሪካዊ ነው። አባቱ ለሀብታም ነጭ ቤተሰቦች ሹፌርና መካኒክ ነበር፣ ሙያውን ከሱ ወሰደ። በጦርነቱ ጊዜ የጦር ሠራዊት መካኒክ ሆነ፣ ታክሲ ነዳ፣ አረቄም አመላለሰ። ናስካር ሲገባ ባለቤቱም፣ መካኒኩም፣ ሹፌሩም ራሱ ነው። ሠራተኞቹ ልጆቹ ናቸው፣ ዌንዴል ትንሹና ፍራንክ። ሰው ሲያጥር ራሱ ከመኪናው ወርዶ ጎማ ቀይሮ ተመልሶ ይገባ ነበር ይባላል። ሌሎች የሸጡትን ያገለገለ መኪና፣ የጣሉትን ጎማ ይጠቀማል። የዳርሊንግተን የውድድር ሜዳ ለዓመታት በሩን ዘጋበት።

ታኅሣሥ 1 ቀን 1963 ጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ፣ የአፈር ሜዳ። ከኔድ ጃሬት በገዛት ሼቭሮሌት ሁሉንም ቀደመ። የአሸናፊው ባንዲራ አልወረደለትም። ዞረ፣ አሁንም አልወረደለትም። ከሁለት ዙር በላይ የተቀደመው በክ ቤከር አሸናፊ ተባለ፣ ዋንጫውን ይዞ ሄደ። ሰዓታት ካለፉ፣ ተመልካቹ ከተበተነ በኋላ ካርዱ ታየና አዎ ስኮት ነው ተባለ። ስህተቱ የቆጠራ ነው አሉ። ስኮት ግን ዋንጫ የምትሰጠው ነጭ ቆንጆ ስትስመው ሕዝብ እንዲያይ ስላልፈለጉ ነው ብሎ ያምን ነበር። ገንዘቡን ሰጡት። ናስካር ለዚያ ድል ያሠራውን ዋንጫ ቤተሰቡ የተቀበለው በ2021 ነው። እሱ በ1990 ሞቷል።

ዳዶ ፈቺ
495 ውድድር፣ 147 ጊዜ ከአስሮቹ ውስጥ። በዛ ብርና በዛ መለዋወጫ! እኔ በጠቅላላው ከዚህ ክር ውስጥ አንድ መካኒክ ምረጥ ብባል ስሞኪን ትቼ እሱን ነው። ስሞኪ ፋብሪካ ከጀርባው ነበረው። ይሄኛው ዳዶውን ራሱ አጥብቆ፣ ራሱ ነድቶ፣ ሲሰበር ራሱ ጭኖ ወደ ዳንቪል ይመለሳል። በ1973 እንደምንም ብሎ ደህና መርኩሪ ገዛ። ታላዴጋ ላይ ከሃያ በላይ መኪና የተጋጨበት አደጋ ውስጥ ገባች። አካሉም መኪናዋም ደቀቁ፣ በቋሚነት መወዳደሩ እዛ ላይ አበቃ።

የቻርሎቱ
ገና ያልነካናቸው አሉ። በድ ሙርን እንኳን አላነሳንም። ኖርማንዲ ዩታ ዳርቻ ላይ የወረደ ወታደር ነው፣ ደጋግሞ ቆስሏል። ስፓርታንበርግ ተመልሶ ጋራዥ ከፍቶ በ1962 እና በ1963 ከጆ ዌዘርሊ ጋር ሻምፒዮን ሆነ። ካርል ኪክሃፈርም አለ፣ የጀልባ ሞተር ፋብሪካ ባለቤቱ። በ1956 መኪኖቹ 16 ውድድር በተከታታይ አሸነፉ። ሕዝቡ ጠልቶት በጩኸት ሲያላግጥበት ጥሎ ሄደ። ስለሱ የሚያውቅ ካለ ይጻፍ።

ፒያሳ ልጅ
እኔ ጥያቄ አለኝ። ከነዚህ ሁሉ ውስጥ ዛሬ በሕይወት ያለ ቡድን አለ? ወይስ ሁሉም ሙዚየም ገባ?

ባለ 18 ጎማ
ዉድ ብራዘርስ አሉ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው የሚያስተዳድሩት፣ ቁጥሯም ያው 21 ናት። በ2011 ትሬቨር ቤይን 20 ዓመት በሞላው ማግስት ዴይቶና 500ን አሸነፈላቸው። በነሐሴ 2024 ደግሞ ሃሪሰን በርተን እዛው ዴይቶና መቶኛውን ድል አመጣ። የሚገርመው ልጁን ለሚቀጥለው ዓመት እንደማይፈልጉት ቀድመው ነግረውት ነበር።

ፒያሳ ልጅ
አባረውት ነው ያሸነፈላቸው?? 😂

ባለ 18 ጎማ
አዎ። አባረውትም ቀሩ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሹፌር ነው የነዳው።